ከምስክርነት የተሰናበተችው ኮከብ

የአገሩን ስም አልናገርም። ብናገረውም ከዚያ ያልሆነ ሰው አያውቀውም፤ ከዚያ የሆነ ደግሞ ስሙን ሳልጠራለት ያውቀዋል። እኔ በዚያ አገር፣ ኮረብታው ላይ ባለው የሰማይ ቤት፣ ሃያ ሦስት ዓመት መዝገብ ያዥ ነበርኩ። ሥራዬ ሌሎች ያዩትን መጻፍ ነው። ከዚህ በታች የምናገረውም ዘርፌ ያየችውንና የደረሰባትን ነው፤ በልቧ ያሰበችውን ሳይቀር ራሷ ነግራኛለች። ዘርፌ አትዋሽም። መዋሸት ብትችልማ ኖሮ ዛሬ ትልቅ ሰው በሆነች ነበር።

በዚያ አገር ሰው ሲወለድ ኮከብ ይመዘገብለታል። የሀብታም ልጅ የሚያበራውን ይወስዳል፣ የድሃ ልጅ የተረፈውን። ይህ ከጥንት የነበረ ነው፤ እሱን አልከስም። ችግሩ እድሳቱ ነው። በየሰባት ዓመቱ የእያንዳንዱ ሰው ኮከብ በትልቁ ቴሌስኮፕ ይታይና ቅጽ ይሞላለታል። ቅጹ ሦስት ሳጥን ብቻ አለው፤ «ቆሟል»፣ «ተንሸራቷል»፣ «አልታየም»። ኮከቡ እንደ መርፌ ጫፍ ረግቶ ከታየ ሰውዬው ቆሟል ይባልና በቤቱ ይኖራል። ኮከቡ ተለጥጦ እንደ ክር ተስቦ ከታየ ግን ተንሸራቷል ይባላል፤ ቤቱን አስረክቦ ወንዙን ይሻገራል። ኮከቡ በቦታው የማይረጋ ሰው እሱም በቦታው አይረጋም ይላል ሕጉ። ከወንዙ ማዶ ያለው ድንጋይና ነፋስ ነው። ኮከቡ ጭራሽ ያልታየ እንደሆነ ደግሞ ሰውዬው እንዳልተወለደ ይቆጠራል። ይህ ሦስተኛው ሳጥን በኔ ዘመን አንድም ቀን ምልክት ተደርጎበት አያውቅም ነበር።

ዘርፌ መስተዋት አስተካካይ ናት። ሥራውን ለማታውቁት ላስረዳ። የኮከብ ብርሃን ስንትና ስንት ዘመን ቀጥ ብሎ ይጓዝና፣ እኛ ዘንድ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የኛው አየር ያምሰዋል። የሚፈላ ድስት አጠገብ ቆማችሁ በእንፋሎቱ በኩል ግድግዳውን ብታዩት ይንቀጠቀጥ የለ? እንደዚያ ነው። ግድግዳው ግን አልተንቀጠቀጠም። ይህን ለማቃናት ከትልቁ መስተዋት ቀጥሎ አንድ ስስ መስተዋት አለ፤ ከጀርባው ሁለት መቶ አርባ ትናንሽ ዘንጎች እየገፉና እየሳቡ ቅርጹን በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ይለዋውጡታል። አየሩ ብርሃኑን ሲያጎብጠው መስተዋቱ በተቃራኒው ይጎብጥና ያቃናዋል። ዘርፌ እነዚያን ዘንጎች የሚያዝዘውን ማሽን ነው የምታንቀሳቅሰው። ጆሮዋን አስጠግታ ከሁለት መቶ አርባው የትኛው ዘንግ እንደደከመ የምትለይ ሰው ናት።

መስተዋቱ እንዴት መጉበጥ እንዳለበት እንዲያውቅ ግን፣ አየሩ ምን እንዳደረገ የሚነግረው ደማቅ ብርሃን ይፈልጋል። ደማቅ ኮከብ ደግሞ በየቦታው የለም፤ በድሆቹ ሰማይ በኩልማ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሌዘር ተተከለ። ቀለሙ ብርቱካን የሚመስል ቀጭን ጨረር ነው። ሽቅብ ይለቀቃል። ዘጠና ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ተቃጥለው ካለቁ ተወርዋሪ ኮከቦች የቀረ የብናኝ ንጣፍ አለ፤ ጨረሩ እዚያ ሲደርስ ብናኙ ያበራና አንዲት የብርሃን ነጥብ ትታያለች። ኮከብ ትመስላለች እንጂ ኮከብ አይደለችም። ዘርፌና ባልደረቦቿ «ፋኖሷ» ይሏታል።

ፋኖሷ አንድ ጉድለት አለባት። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህች ጉድለት ነውና ልብ በሉልኝ። ጨረሩ ሲወጣ በዚሁ በሚንቀጠቀጥ አየር ውስጥ ያልፋልና ትንሽ ወደ ጎን ይገፋል። ሲመለስም በዚያው አየር ያልፋል፤ ያው አየር መልሶ ወደነበረበት ያመጣዋል። ሲወጣ የሳተው ሲመለስ ተካክሶ ይቀራል። ስለዚህ ፋኖሷ የብርሃኑን መጨማደድ ትናገራለች እንጂ፣ ምስሉ በሞላው ወዲያና ወዲህ መወዛወዙን አትናገርም። እሷን ከጠየቃችኋት ሁልጊዜ በቦታዋ ናት። መወዛወዙን የሚናገር አንድ እውነተኛ ኮከብ በአቅራቢያው ያስፈልጋል። ብዙ ባያበራም ግድ የለም፣ ሰው ያላበራው ይሁን እንጂ። ሠራተኞቹ ይህን ኮከብ «ምስክር» ይሉታል።

በድሆቹ ሰማይ በኩል ለምስክርነት የምትበቃ አንዲት ኮከብ ብቻ ነበረች፤ ቁጥሯ አራት ሺህ ሰባት። ዘርፌ ባለቤቷ ማን እንደሆነ ለማየት መዝገቡን አስገለጠችኝ። አየች፣ ሳቀች። የእህቷ ኮከብ ነበረች።

እህቷ እልፍነሽ ትባላለች። ፍራሽ አዳሽ ናት። በየሰፈሩ እየተጣራች ትዞራለች፤ የጠሯት ቤት ገብታ የተጠቀጠቀውን ጥጥ ታወጣለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፣ በዱላ ደብድባ ታፍታታለች፣ መልሳ ትሰፋለች። እናታቸው ስትሞት ዘርፌ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳደገቻት እልፍነሽ ናት። ባል ቢመጣላት «መጀመሪያ ይቺ ልጅ ትማር» ብላ መለሰችው፤ ሁለተኛ የመጣ የለም። እናታቸው ጥላላቸው የሄደቻት ሁለት ክፍል ቤት አለች፤ እልፍነሽ ከዚያች ቤት በቀር በዚህ ዓለም የኔ የምትለው ነገር አልነበራትም። ዘርፌ ኮረብታው ሥር የሠራተኛ ክፍል ቢሰጣትም እሁድ እሁድ የምትውለው እዚያው ነበር።

የምስክሯን ነገር ግን ለእህቷ አልነገረቻትም። መሐላ ነበረባት። የማን ኮከብ ምስክር እንደሆነች ለባለቤቷ መንገር ክልክል ነው፤ ባለቤቷ ትኮራለች ተብሎ። እህቷ ከሰው ቤት ጥጥ አቡንና ስትመለስ፣ ሳሏ ጉሮሮዋን ሲያንቃት፣ ዘርፌ ስንት ጊዜ ልንገራት ብላ ተመልሳ አፏን ዘግታለች። ኋላ ስትነግረኝ እንባዋ እየመጣ ነበር። እንዲህ ያለ መሐላ ያወጣውን ሰው አላውቀውም፤ ባውቀው ስሙን እዚህ እጽፈው ነበር።

አሥር ዓመት ሙሉ በዚያ ሰፈር ያሉ ሰዎች ኮከብ ሁሉ በእልፍነሽ ኮከብ ምስክርነት እየረጋ ታየ። አናጢው፣ ቆዳ ፋቂው፣ እንጨት ሻጯ፣ ሁሉም «ቆሟል» ተብለው ቤታቸው ኖሩ። ማን እንዳቆማቸው አላወቁም።

ከዚያ አቶ ልሳነወርቅ የሰማይ አዛዥ ሆነው መጡ። የመጡት ከሰልፍ ማሰማመሪያ መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው በመስመር ሲያቆሙ ኖረዋል፣ በሥራቸውም የተመሰገኑ ናቸው። በመጡ ቀን ሰማዩን እናሳይዎ አልናቸው። በስክሪኑ ላይ እውነተኞቹን ኮከቦች አሳየናቸው፤ ደብዛዛ ናቸው ብለው አዘኑ። ፋኖሷን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ደማቅ ናት፣ አትነቃነቅም፣ ጨረሩን ወዳዞሩበት ትሄዳለች፣ ሲያጠፏት ትጠፋለች። «ኮከብ ማለት ይቺ ናት» አሉ። በማግሥቱ ፋኖስ የሚለው ቃል ተከለከለና «መሪ ኮከብ» እንድትባል ደብዳቤ ወጣ። በሦስተኛው ወር የልደት ቀን ተወሰነላት። በልደቷ ቀን ሥራ ዝግ ሆነ፤ እሷ ራሷም ሥራ አልገባችም፣ ሰማዩም ሳይታይ አደረ።

ትልልቆቹ ሰዎች ነገሩን ቶሎ ገባቸው። ለምን ብለው ሊንሸራተት በሚችል ኮከብ ሥር ይመዘገባሉ? መጀመሪያ አቶ ልሳነወርቅ ስማቸውን ወደ መሪ ኮከብ አዛወሩ። ቀጥሎ ምክር ቤቱ በሞላ፣ ከነሚስት፣ ከነልጅ፣ ከነአማች። በአንድ ዓመት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ጨረር ጫፍ ላይ ተመዘገበ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቆሽቴ እያረረ ጻፍኩ፤ ጻፍኩ ግን።

ነገሩ የፈነዳው በስብሰባ ላይ ነው። አቶ ልሳነወርቅ ከመሪዋ አጠገብ ያለችው ደብዛዛ ነጥብ ምን እንደሆነች ጠየቁ። ዘርፌ ተነሥታ አስረዳች። የማን ናት አሏት። መሐላው ባለቤቷን እንጂ አዛዡን አይከለክልምና የአንዲት ፍራሽ አዳሽ ናት አለች። 

«መሪ ኮከብን የምታርማት ፍራሽ አዳሽ ናት ማለት ነው?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

«አታርማትም፣ ክቡር አዛዥ። መሪዋ የማታየውን ትነግረናለች እንጂ።»

«መሪዋ የማታየው ነገር አለ?»

ሁላችንም አጎነበስን። እኔ ብዕሬን ፈታሁና ቀለም እንዳለው ማየት ጀመርኩ። ዘርፌ ዙሪያዋን ብታይ የምታገኘው አናት ብቻ ነበር።

«አለ» አለች።

በማግሥቱ ኮከብ ቁጥር አራት ሺህ ሰባት ከምስክርነት ሥራዋ ከምስጋና ጋር ተሰናበተች። ደብዳቤው የተጻፈው ለኮከቧ ነው። ተቀባይዋ ስላልተገኘች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቀርባ ስላልተቃወመችም ውሳኔው ጸና።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን እግዜር ያሳያችሁ። መሪዋ ጥርት ብላ ቆመች፤ በዙሪያዋ ያለው ኮከብ ሁሉ ተለጠጠ። በመጀመሪያው ወር ሰማንያ ሰው ተንሸራተተ። በሁለተኛው አራት መቶ። ከድሆች መሀል ተንሸራታች ለምን እንዲህ እንደበረከተ የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴው ሦስት ወር አጥንቶ ምክንያቱ ጠባያቸው ነው አለ። አንድ የኮሚቴው አባል ምናልባት የመሪዋ ብርሃን አንሶ ይሆናል ቢል ተጨበጨበለትና ሦስት ሌዘር ተጨመረ። አራት ጨረር ሆኑ። አራቱም ተጠየቁ፣ አራቱም በቦታችን ነን አሉ። ሪፖርቱም ሰማያችን በታሪኩ እንደዚህ ረግቶ አያውቅም ብሎ ወጣ።

ዘርፌ ሰባት ማመልከቻ ጻፈች። በሥዕል አስረዳች፣ በቁጥር አስረዳች፣ ፍሬም ላይ በገመድ የተንጠለጠለ መብራት አሠርታ እያወዛወዘች አሳየች። ሰባተኛው ላይ መልስ መጣላት። የጠቀሰችው ጉድለት መኖር አለመኖሩ መሪ ኮከብን በመጠየቅ ተጣርቷል፣ አለመኖሩም ተረጋግጧል ይላል። ወረቀቱን አንብባ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። እኔ ብሆን እበላው ነበር።

በዚህ መሀል የእልፍነሽ እድሳት ደረሰ። የሚገርመው፣ ዘርፌ እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ የእልፍነሽ ኮከብ ሌላ ምስክር እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። ብርሃኗ ራሷን ለማርጋት ይበቃል፤ ማሽኑ ላይ አንዲት ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው። ዘርፌ ያቺን ቁልፍ ለሁለት ደቂቃ ላዙር ብላ ለመነች። የተሰናበተ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ ንብረት አይገለገልም ተባለች። ኮከቧ ታየች፤ እንደ ክር ተስባ። ዘርፌ ቅጹን ወሰደችና ከሦስቱ ሳጥኖች ውጪ፣ ጠርዙ ላይ፣ በእጇ «የተንሸራተተችው ኮከቧ አይደለችም፤ መስተዋቱ ነው» ብላ ጽፋ እንዳትመው አመጣችልኝ። እንዲህ የሚል ሳጥን የለም አልኳት። አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አተምኩላት።

አቶ ልሳነወርቅ ቅጹን ቀደዱት። አልተቆጡም፤ እሳቸው አይቆጡም። አዲስ ቅጽ አስመጥተው ራሳቸው «ተንሸራቷል» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉና ዘርፌን አስቀመጧት። ባለሙያ መሆኗን እንደሚያከብሩ፣ ስሟን ወደ መሪ ኮከብ ሊያዛውሩላት እንዳሰቡ፣ ኮረብታው ላይ ባለ አራት ክፍል ቤት እንደተዘጋጀላት ነገሯት። እህቴስ አለች። የእህቷ ጉዳይ እንዳለቀ ገለጹላት። በሚቀጥለው ምሽት የትልልቆቹ ሰዎች እድሳት ስለሆነ፣ ማሽኑን አዘጋጅታ እንድትጠብቅም አዘዟት። ዘርፌ እሺ ብላ ወጣች።

ምሽቱን አዳራሹ በካባ ተሞላ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ የተመዘገቡት በአንዲት ብርሃን ሥር ነውና እድሳታቸው አንድ ጊዜ ቀና ብሎ በማየት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ግብዣ ነበር። መሪዋ በትልቁ ስክሪን ላይ ቁጭ ብላለች። ምክር ቤቱ አጨበጨበ። ዘርፌ ከማሽኗ ሳትነሣ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ የመዝገቡን ሕግ አንቀጽ አንድ እንዳነብ ጠየቀችኝ። አነበብኩ፤ ኮከብ ማለት ሰው ሳያበራው የሚበራ ነው ይላል። ከጻፉት መቶ ዓመት አልፏል፣ ማንም ገልጦት አያውቅም።

እሷም አራቱን ጨረሮች አንድ በአንድ ዘጋቻቸው።

ስክሪኑ ጨለመ። መሪዋ የነበረችበት ቦታ ባዶ ሆነ። ጥቂት ሰው የቴክኒክ ችግር ነው ብሎ ሳቀ። ጠበቁ። ምንም አልመጣም።

«ጋሼ፣ ይጻፉ» አለችኝ። «አልታየም።»

እንዴት ያለ ጽሕፈት እንደጻፍኩ ልንገራችሁ። ያን ሦስተኛ ሳጥን፣ በሃያ ሦስት ዓመት ያልነካሁትን፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ምልክት አደረግኩበት። አቶ ልሳነወርቅ፣ አልታየም። ሚስታቸው፣ አልታየችም። አማቻቸው፣ አልታየም። አቁም ያለኝ ነበር፤ ያላየሁትን አየሁ ብዬ መጻፍ ወንጀል ነው ብዬ ቀጠልኩ። እጄ ዛለ። ደስ እያለኝ ዛለ።

ምክር ቤቱ በማግሥቱ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ችግሩ፣ በሕጉ መሠረት ስብሰባው ላይ የተገኘ አንድም የተወለደ ሰው አልነበረም። ያልተወለደ ሰው ሕግ ይሽራል ወይስ አይሽርም በሚለው ላይ እስከ ምሳ ተከራከሩ። በመጨረሻ አቶ ልሳነወርቅ መላ አገኙ፤ መሪ ኮከብ ታያለች እንጂ አትታይም፣ ስለዚህ አልታየችም ማለት ስድብ እንጂ ውጤት አይደለም አሉ። ተጨበጨበ። መዝገቡ ተቀየረ። ዘርፌም እኔም ተንሸራታች ተባልን። የኔን ኮከብ ለማየት እንኳ አልደከሙም።

ለዓመቱ ተንሸራታቾች ሁሉ በአንድነት የተቆረጠው የመሻገሪያ ቀን ሲደርስ፣ ወደ ወንዙ በር የሚወስደው መንገድ በሰው ተሞላ። አራት ሺህ እንሆናለን። ቤቶቹ ሁሉ ታሽገዋል። አናጢው መጋዙን፣ እንጨት ሻጯ ልጆቿን ይዘዋል። እልፍነሽ አንድ ፍራሽ ጠቅልላ በጀርባዋ አዝላለች፤ ከቤቷ ያወጣችው እሱን ብቻ ነው። ዘርፌ ላግዝሽ ብትላት እሺ አላለችም። ፊቷ ያስፈራ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ራሷን ስትመረምር እንዳደረች ለዘርፌ ነገረቻት፤ ምን አጥፍቼ ነው ኮከቤ የተንሸራተተው፣ ከማን ቤት ጥጥ ጎድሎብኝ ነው፣ ማንን በድዬ ነው ብላ። እህቷ በአቶ ልሳነወርቅ ውሳኔ ራሷን ስትከስ ማደሯን ስትሰማ ዘርፌ መያዝ አልቻለችም። ወረፋው መሀል ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። ምስክሯ ያንቺ ኮከብ ነበረች አለቻት፤ አሥር ዓመት ሙሉ የዚህን ሁሉ ሰው ኮከብ ስታረጋ የኖረች እሷ ናት፣ አልተንሸራተተችም፣ አንድም ቀን አልተንሸራተተችም።

እልፍነሽ የፍራሹን ማሰሪያ ጠበቅ አደረገች።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከመጀመሪያው።»

«እኔ በየሰው ደጅ አንገቴን ደፍቼ ስዞር፣ አንቺ እያወቅሽ እሁድ እሁድ ምሳ ትበይልኝ ነበር?»

ዘርፌ መሐላ ነበረብኝ አለች። መሐላ የሚለው ቃል አፏ ውስጥ እንዴት እንደቀለለባት እሷው ነግራኛለች። እልፍነሽ ዞር ብላ ከኋላዋ ላሉት የሰማችውን ነገረቻቸው። እነሱም ለሚቀጥሉት ነገሩ፤ ወሬው በወረፋው ወደ ኋላ ሲሄድ ይታይ ነበር። ከዚያ ፍራሿን ከጀርባዋ አወረደች፣ በሩ ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ዘረጋችውና ተቀመጠችበት። እንጨት ሻጯ ከልጆቿ ጋር አጠገቧ ተቀመጠች። አናጢው ተቀመጠ። እኔም ጉልበቴን ይዤ ተቀመጥኩ። አራት ሺህ ሰው መንገድ ላይ ተቀመጠ።

የበሩ አዛዥ ወጣት መኮንን ነበር። እንነሣ ዘንድ አዘዘ፣ ለመነ፣ ግራ ገባው። የተሰጠው ትእዛዝ የሚሻገሩትን እየቆጠረ እንዲያሳልፍ ነው፤ ስለሚቀመጡ ሰዎች የሚል ነገር የለበትም። ተንሸራታቾቹ አንንቀሳቀስም ብለዋል ብሎ ወደ ኮረብታው ጻፈ። መልስ እስኪመጣ አምስት ቀን አለፈ። በነዚያ አምስት ቀናት እልፍነሽ ከሁሉም ጋር አወራች፤ ዘርፌን ግን አንዲት ቃል አላለቻትም። ዘርፌ ከፍራሹ ጠርዝ አንድ ክንድ ርቃ አፈር ላይ ተቀምጣ ሰነበተች።

በስድስተኛው ቀን መልሱ መጣ። መኮንኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ተንሸራታች ማለት በቦታው የማይረጋ ሰው ነው ይላል። በሩ ላይ አሉ የተባሉት በቦታቸው ረግተው ተቀምጠዋል፣ ስለዚህ ተንሸራታቾች ሊሆኑ አይችሉም። ተንሸራታቾቹ በሙሉ በተወሰነው ቀን መሻገራቸውን መሥሪያ ቤታችን ለበላይ ሪፖርት አድርጓል። በመሆኑም በሩ ላይ ማንም የለም፤ በሌለ ሰው ጉዳይ ሁለተኛ እንዳትጽፍ።

አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ጀርባው ባዶ ነበር።

እልፍነሽ ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች።

«የኔ ልጅ» አለችው፣ «ማንም ከሌለ ወደ ከተማ እንዳይመለስ የምትከለክለው ሰው አለ?»

መኮንኑ ትእዛዙን እንደገና ከላይ እስከ ታች አየ። ቸኮለ ማለት አልችልም።

«የለም፣ እትዬ» አላት።

ፍራሹን ጠቀለለች። አዘለችው። ወደ ከተማ ዞረችና መንገድ ጀመረች። ተከተልናት። ማንም ዘፈን አልዘፈነ፣ ማንም አልጮኸ፤ የእግር ኮቴ ብቻ ነበር። በየመታጠፊያው ሰው እየቀነሰ፣ ወደየቤቱ እየገባ ሄደ። ከኋላችን የማሸጊያ ወረቀት ሲቀደድ ይሰማል። የኔ ቤት ከእልፍነሽ ቤት አልፎ ነውና እስከ ደጇ አብሬ ደረስኩ።

በሯ ላይ «ባለቤቷ ተሻግራለች» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ቀስ ብላ አነበበችው፤ ማንበብ ያስተማረቻት ዘርፌ ናት። ከዚያ በጥፍሯ ከጫፉ አነሣችና ላጠችው። ቁልፏን አወጣች። በሩን ከፍታ ፍራሹን ወደ ውስጥ ገፋችው፣ እሷም ገባች። ዘርፌ ደጁ ላይ እጆቿን አጣምራ ቆማ ቀረች። ልግባ አላለች፣ አልሄደችም። እኔም መንገዴን መቀጠል ሲገባኝ አጥሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ ምን ልሁን ብዬ እንደሆነ እንጃ።

ውስጥ ዕቃ ሲነሣ፣ መስኮት ሲከፈት ተሰማ። ቆየት ብሎ የእልፍነሽ ድምፅ መጣ። እንደ ድሮው፣ እንደ ማንኛውም እሁድ፣ ትንሽ የተቆጣ ድምፅ ነው።

«ግቢና በሩን ዝጊው» አለቻት። «ብርድ አስገባሽብኝ።»